ከእሑድ እስከ ሐሙስ

ጋሽ ዘለቀ መሞቱን የሰማሁት ጉርድ ሾላ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። የደወለችልኝ ተማሪው የነበረችው ሜሮን ናት። «ጋሽ ደምሴ፣ ጋሽዬ አረፈ» አለችና አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ተናደድኩ። ከሁለት ዓመት በላይ ከወገቡ በታች በድን ሆኖ የካ አባዶ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ የኖረ ሰው ሲሞት «አረፈ» ማለት ቀላል ነው። ማን እንዳደከመው የሚጠይቅ ግን የለም።

«በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን አንተ እንድታነብለት ተናዝዟል» አለችኝ። «እኔ በኮምፒውተር ጽፌ አመጣልሃለሁ።»

ሰልፉ ወደ ፊት ሲሄድ እኔ ቀረሁ። ከኋላዬ የነበረች ሴት «ወንድሜ፣ ትሄዳለህ ወይስ ሐውልት ነህ?» አለችኝ። ቦታዬን ለቀቅሁላት።

ጋሽ ዘለቀ ወጣትነቱን ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ጠላቂነት የጨረሰ ሰው ነበር። እኔ ሳውቀው ስድሳ ዓመት አልፎታል፣ የቀረው ባሕር ደግሞ የካ ውስጥ ያለ የአንድ ሆቴል መዋኛ ገንዳ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለቢሮ ልጆች ዳይቪንግ ያስተምራል። በዓመት ሁለት ጊዜ ጅቡቲ ወስዶ ደሴቶቹ ዙሪያ ባሕር ውስጥ እንደ አትክልት የሚያብበውን ኮራል ያሳያቸዋል። ተራራ ላይ ተቀምጦ ባሕር የሚያስተምር ሰው ያስቃል፣ ይስቁበትም ነበር። የሆቴሉ ጥበቃ «አድሚራል» ይለዋል። እሱ ግን ሰላምታውን በደስታ ይመልሳል።

እኔ የገንዳው ሠራተኛ ነኝ። ውሃውን አጸዳለሁ፣ ኮምፕሬሰሩን አስነሥቼ ተማሪዎቹ ጀርባቸው ላይ የሚያዝሏቸውን ሲሊንደሮች እሞላለሁ። ልጆቹ የሚሞላውን ነገር «ኦክስጅን» ይሉታል። ጋሽ ዘለቀ ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። «ኦክስጅን አይደለም! አየር ነው! ይኸው አሁን አፍህን ከፍተህ የምታባክነው አየር!»

በእጁ ነበር የሚያወራው። ውሃ ውስጥ በአፍ አይወራምና ለምዶበት የብስ ላይም አልተወውም። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ቀለበት ካደረገ ሁሉም ደኅና ነው ማለት ነው። መዳፉን ዘርግቶ ግራና ቀኝ ካወዛወዘ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ታክሲ ላይ ረዳቱ «ጋሼ፣ መልስ ደርሶሃል?» ሲለው በቀለበት ነው የሚመልስለት።

ማንበብ አልችልም ነበር። አርባ ዓመት አልፎኝ ፊደል አላውቅም። ሲሊንደሮቹን የምለያቸው በቦታቸው ነው፤ ሙሉው በግድግዳው በኩል፣ ባዶው በበሩ በኩል። አንገታቸው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ለእኔ ጌጥ ነው። አንድ ቅዳሜ የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ልታጥብ አነሣቻቸውና እንደመጣላት መለሰቻቸው። አንዱ ተማሪ ባዶ አዝሎ ገባ። እሱም የአየር መለኪያ ጌጁን አላየም። በጥልቁ በኩል አየር አልቆበት ሲንፈራገጥ ጋሽ ዘለቀ በአንገቱ ይዞ አወጣው።

ያባርረኛል ብዬ ጠበቅሁ። ኮምፕሬሰሩ ክፍል ገባና አንዱን ሲሊንደር እያሳየ «ደምሴ፣ ይሄ ምን ይላል?» አለኝ።

«መነጽሬን ረስቻለሁ።»

የራሱን መነጽር አውልቆ ዘረጋልኝ። «እንካ።»

አደረግሁት። ዓለም ሁሉ ተምታታብኝ። «አሁንም አይታየኝም።»

«ሲሊንደሩ ይታይሃል?»

«እሱማ ይታየኛል።»

«እንግዲያው ችግሩ ከዓይንህ አይደለም» አለና ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። በሰው ፊትም አላደረገውም። «ከሰኞ ጀምሮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚሁ ትጠብቀኛለህ። ማንበብ ለማይችል ሰው የሰው ሳንባ አላስረክብም።»

የመጀመሪያዎቹ ቃሎቼ «ሙሉ» እና «ባዶ» ናቸው። ሌሎች ሰዎች በልጅነታቸው በእናታቸው ስም ይጀምሩ ይሆናል፣ እኔ በዚህ ጀመርኩ። ቀጥሎ በገዛ እጁ ጽፎ ግድግዳው ላይ የሰቀለውን ወረቀት አስያዘኝ። አሥራ ሁለት ሕግ አለው። ከአንድ ዓመት በኋላ ሳልቆም አነበው ነበር።

አምስተኛው እንዲህ ይላል፦ «ጅረት ሲወስድህ አትታገለው። እሱ አይደክምም፣ አንተ ትደክማለህ። አብረኸው ሂድ፣ በጎን በኩል ውጣ።» ኮራሉ ባለበት፣ በደሴቶቹ መካከል፣ ባሕሩ ውስጥ ለውስጥ እንደ ወንዝ ይሮጣል። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚስብም አለ።

ዘጠነኛው ደግሞ ይህ ነው፦ «መቆሚያውን ሳይቆም የወጣ ሰው አምስት ቀን ከባሕር ዳር አይነሣ። አውሮፕላን አይሳፈር። ተራራ አይውጣ።»

መቆሚያ ማለት ሰው ከጥልቅ ሲወጣ ከላይኛው ውሃ አጠገብ ቆም ብሎ ደሙ ውስጥ የገባውን ጋዝ የሚያስወጣበት ነው። ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ሁለት ጠርሙስ የጋዝ ውሃ አመጣ። የአንዱን ክዳን ቀስ እያለ ከፈተው፣ ምንም የለም። ሌላውን ነቅንቆ ሲፈነቅለው ሸሚዜን አራሰው። «ይሄ ደምህ ውስጥ ቢሆን አስበው» አለኝ። «ከባሕር መጥተህ ተራራ ስትወጣ ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ክዳኑን ደግመህ ፈነቀልከው ማለት ነው።»

እንግዲህ ይህን የጻፈው እሱ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

እሱን ሽባ ባደረገው የጅቡቲ ጉዞ ላይ እኔም ነበርኩ። አልጠልቅም፤ ጀልባ ላይ ተቀምጬ ሲሊንደር አቀብላለሁ፣ አረፋ እቆጥራለሁ። ቀኑ እሑድ ነው፣ ለመጨረሻ ጊዜ የሚጠልቁበት። ሜሮን ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ትሠራለች። ዓሣ ፎቶ አነሣለሁ ብላ ከኮራሉ ጠርዝ ወጣ ስትል ወደ ታች የሚስበው ጅረት ያዛት። ታገለች። አምስተኛውን ሕግ እንደ መዝሙር ትወጣው ነበር፣ ጅረቱ ሲይዛት ግን እንደማንኛችንም ታገለች። አየሯን ጨረሰች። ጋሽ ዘለቀ ተከትሏት ወረደ፣ መለዋወጫ መተንፈሻውን አፏ ውስጥ ከተተላት፣ አቅፏት ከጅረቱ ጋር ሄደና በጎን ወጣ። ለሁለት ሰው የሚሆን አየር ስላልነበረ መቆሚያውን ዘለሉት።

እኔ ከጀልባው የማየው ባዶ ውሃ ነው። ሌሎቹ ስድስት ተማሪዎች ወጥተዋል። ጀልባ ነጂው ጠዋት ወደ ጠለቁበት ያያል፣ እኔ ጅረቱ ወደሚሄድበት አያለሁ፤ እንዲያ ነበር ያስተማረኝ። በጣም ርቆ ብርቱካናማው የምልክት ፊኛ ብቅ ሲል ጮኽኩ። ደርሰን ስናወጣቸው ሜሮን ታስመልሳለች። ከእሷ ይልቅ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ብዙ የቆየው ግን እሱ ነው፤ በዚያው ቀን እሷን ከማዳኑ በፊትም ሁለት ጊዜ ጠልቆ ነበር። ጋሽ ዘለቀ ጀልባው ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ አየኝ። መዳፉን ዘርግቶ ግራና ቀኝ አወዛወዘ።

ማረፊያችን ስንደርስ «ጋሽ ዘለቀ፣ ዘጠነኛውስ?» አልኩት።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«እንቅር እንግዲያው። እስከ ሐሙስ።»

«ልጆቹ ነገ ይበራሉ። ቆጥሬ የወሰድኳቸውን ቆጥሬ ነው የማስረክበው። ያቺ ልጅ ድንጋጤዋ ሳይለቃት ብቻዋን ለእናቷ ልላካት?»

ሰኞ አብሮ በረረ። አውሮፕላኑ ላይ ግራ ትከሻውን ሲያሸው አየሁት። እኔ እንዳየሁት ሲያውቅ እጁን አነሣ። ቀለበት ሠራልኝ። ውሸታም!

ማክሰኞ ጧት ጋሽ ዘለቀ ቤት እያለሁ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ መኪና ቆመ። የሜሮን እናት ወይዘሮ አስካለ ናቸው፣ ከሜሮን ጋር መጥተዋል፤ አዲስ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ታቅፈዋል። ሜሮን እሑድ ማታ ከጅቡቲ ደውላ የሆነውን ስትነግራቸው እዚያው ተንበርክከው ተስለዋል። ስለቱ «ልጄን በሰላም ካመጣህልኝ ያወጣልኝን ሰው ይዤ እንጦጦ ድረስ ጃንጥላ አገባለሁ» የሚል ነው። ያወጣልኝን ሰው ይዤ። ሰውየው በስለቱ ውስጥ ገብቷል።

ጋሽ ዘለቀ ደግሞ ጴንጤ ነው። ስለት የሚባል ነገር በቤቱ የለም። «አልወጣም» ማለት አንድ ቃል ነበር። ወደ ጓዳ ሳብ አድርጌ ስጠይቀው ምን አለኝ መሰላችሁ? «እምቢ ብላቸው እምነታቸውን የናቅሁ ይመስላቸዋል። እናት ናቸው፣ ደምሴ።»

እኔ አልቻልኩም። ወረቀቱን ገልብጬ ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር። አውጥቼ ወይዘሮ አስካለ ፊት ቆሜ ዘጠነኛውን አነበብኩላቸው፤ ከ«መቆሚያውን» እስከ «ተራራ አይውጣ»። ላቤ ጠብ እያለ ነው ያነበብኩት።

ሳቁ። «ፊደል የቆጠርከው ትናንት፣ ዛሬ ሐኪም ሆንክብን?» አሉኝ። «ደግሞ ስለት በወረቀት ይቀራል እንዴ? ሰውየው እንደሆነ ይኸው እንደ ወንዶቹ ቆሟል።»

ሜሮንም ፈገግ አለች። «ጋሽ ደምሴ፣ እሱ ሩል ለባሕሩ ነው እንጂ ለእንጦጦ አይደለም እኮ።»

ጋሽ ዘለቀን አየሁት። ቀለበት ሠራ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። መኪናው ፊት መተኛት ነበረብኝ። አልተኛሁም፣ ገብቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

ሜሮን ከጅቡቲ ያመጣችው ብስኩት የመኪናው ወንበር ላይ ነበር። እዚያ ስትገዛው ማሸጊያው የተጨማደደ ነው። ሽቅብ ስንወጣ ተነፋ። ባሕር ዛፉ መሐል ስንደርስ እንደ ኳስ ተወጥሮ ሊፈነዳ ደረሰ። እኔ ብስኩቱን አየሁ፣ ቀጥዬ እሱን አየሁ። እሱም አይቶታል። ማሸጊያውን አነሣና ወንበሩ ሥር ወሸቀው። ወይዘሮ አስካለ ከፊት ሆነው ይዘምራሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ደምሴ፣ እግሬ ተኛ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ጫማዬን አውልቅልኝ። ነካኸኝ?» ይዤው ነበር፣ አጥብቄ። አልተሰማውም።

አንድ ሽማግሌ ቄስ አልፈው ሲሄዱ ቆሙና አዩት። «ከቆላ ነው የመጣው? ቶሎ ወደ ታች አውርዱት እንጂ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» አሉ። በዚያ ተራራ ላይ ልብ ያለው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ ልሸከመው ስነሣ ወይዘሮ አስካለ ደነገጡ። ጃንጥላው ገና አልገባም። ጋሽ ዘለቀ ፈገግ ብሎ «አይቸኩሉ፣ ስለትዎን ያድርሱ፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው» አላቸው። ተመልሰው የመጡት ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አልፎት ለሄደ ሁሉ ቀለበት እየሠራ ጠበቃቸው።

ሆስፒታል ሐኪሙ «ምን ሆነህ ነው?» ሲለው ወይዘሮ አስካለ ራስጌው ቆመዋል። «የቆየ የወገብ ሕመም አለብኝ» አለ። አፌን ስከፍት እጄን ጨበጠኝ፣ ዘጋሁት። ሐኪሙ የወገብ ሕመም ሲያክም ዋለ። እውነቱን የነገርኩት በማግሥቱ እሳቸው ሲሄዱ ነው። ወጣት ሐኪም ነው፣ ራሱን ይዞ «ትናንት ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ። ምን ልበለው? ሰውየው እሳቸውን ከሚያሳፍር እግሩ ቢቀር መረጠ ልበለው? ይሉኝታ ነው ልበለው? ሽባነትን እንዲህ በፈገግታ የሚቀበል ሕዝብ ሌላ የት እንዳለ አላውቅም። እኔም ከዚያው ሕዝብ ነኝ፣ እጄን ስለጨበጠኝ ዝም ያልኩ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአራተኛ ፎቅ አዝዬ አወርደውና ገንዳው ዳር አስቀምጠዋለሁ። ወይዘሮ አስካለ ሁለቱን ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ምግብ ሠርተው አመጡለት፣ ልብሱን አጠቡለት። ምን እንዳደረጉት አያውቁም። እሱም በሳምንት አንድ ጊዜ ያስምለኛል። «ከኔ አፍ ሳይወጣ ካንተ አፍ እንዳይወጣ። ካወቁ አይተርፉም።»

«አንተስ ተርፈሃል?» እለዋለሁ። ይስቃል።

የዝምታው ዋጋ ግን እሱ ላይ ብቻ አልቀረም። ማስተማሩን ሜሮን ተረከበችው። ጎበዝ ሆናለች፣ አልዋሽም። ታዲያ አንድ ቀን ግሩፑን ሰብስባ መጥታ «ጋሽዬ፣ ሰርፕራይዝ!» አለችው። «ከአሁን ጀምሮ ከባሕር በተመለስን ማግሥት ባንተ ስም እንጦጦ ሃይኪንግ እንወጣለን። ልክ አንተ እንዳደረግከው፣ ለምስጋና።»

ፊቱ አመድ መሰለ። መዳፉን ዘርግቶ አወዛወዘ። እነሱ ከውሃ ውጭ ስለሆኑ ሰላምታ መስሏቸው መልሰው አወዛወዙለት።

ሲሄዱ ጮኽኩበት። «ንገራቸው!»

«መቆሚያውን የቆመም ቢሆን በማግሥቱ ተራራ አይወጣም። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ይጠብቁ በላቸው። ምክንያቱን ተወው።»

ነገርኳቸው። ያለ ምክንያት የተነገረ ነገር ማን ይሰማል? «ጋሽ ደምሴ፣ ዓመት ፈቃድ አልቆብናል» አሉኝ። ሁለት ጊዜ ወጡ። በሁለተኛው አንዱ የባንክ ልጅ ጉልበቱን ይዞ እያነከሰ ወረደ። ስፖርት ነው ተባለ።

ቀብሩ ላይ ሜሮን የጻፈችውን ወረቀት ሰጡኝ። አንድ ገጽ ነው። ፓስተሩ ጠሩኝ፣ ሕዝቡ ፊት ቆሜ አነበብኩ። የትውልድ ቦታውን፣ ምጽዋን፣ ገንዳውን አነበብኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። መሐል ላይ ስደርስ እንዲህ ይላል፦ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው»። ከሥሩ ደግሞ፦ «መታሰቢያቸው የሆነው የእንጦጦ ጉዞ ይቀጥላል፤ የሚቀጥለው ቡድን ሰኞ ተመልሶ ማክሰኞ ይወጣል»።

ቆምኩ። «ባደረባቸው»ን አፌ አልል አለ። ማንም አላሳደረበትም፣ ማንም አልላከበትም፤ በመኪና ጭነን ነው የወሰድነው።

ከፊት ወንበር አንዲት ሴት «ውይ፣ ማንበቡ ከበደው» ስትል ሰማሁ። ሌላው «በትልቅነቱ ነው እኮ የተማረው፣ አትፍረዱበት» አለ። አንድ ከረባት ያሰረ ልጅ ተነሥቶ መጣ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ አባቴ፣ ዋናው መሞከርህ ነው» አለኝና ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። የቀረውን እሱ አነበበው፤ «ባደረባቸው ሕመም»ን ጥርት አድርጎ።

ጋሽ ዘለቀ እንዳነብ የመረጠኝ ለዚህ ነበር? ወይስ እሱ ያልቻለውን እንድናገርለት? አላውቅም። ሞቶም ነገሩን እንደ ልማዱ ያለ ቃል፣ በምልክት ብቻ ሰጥቶኝ ሄደ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሜሮን ውሃ ይዛልኝ መጣች። «ሶሪ ጋሽ ደምሴ፣ ፎንቱን ትልቅ ማድረግ ነበረብኝ።»

«ፎንቱን ተዪው። ማክሰኞ አትውጡ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው ሁልጊዜ? ምክንያቱን ንገረኝ!»

ነገርኳት። መቆሚያውን፣ ትከሻውን፣ ብስኩቱን፣ ድንጋዩን። ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም። የውሃው ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ። ቀና ስል ወይዘሮ አስካለ ከኋላዋ ቆመዋል።

«እኔ ነኛ የገደልኩት?» አሉ።

ሰው ሁሉ እኔን ያያል። እንዲህ ባለ ቦታ «ኧረ በጭራሽ፣ እግዜር የፈቀደው ነው» ይባላል። ሁላችንም እናውቃለን። የሚጠበቅብኝ ይኸው ነው።

«እርስዎም ነዎት» አልኳቸው። «እሱም ነው። እኔም ነኝ።»

ሁለት ሰዎች ክንዴን ይዘው ከድንኳኑ አስወጡኝ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ወይዘሮ አስካለ ገንዳው መጡ። ከዚያ በፊት እግራቸው ረግጦት አያውቅም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የለበሱት። ሜሮን ልጆቹን ውሃ ውስጥ ታሠለጥናለች። እሳቸው እሷን አልፈው ቀጥ ብለው ኮምፕሬሰሩ ክፍል ገቡ።

«ያ ወረቀት የቱ ነው?»

ግድግዳው ላይ አሳየኋቸው። ቀርበው አዩት። በጣታቸው ነኩት፣ በማይሆን ቦታ፣ ሁለተኛው ሕግ ላይ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉ። «አንብብልኝ።»

አነበብኩላቸው። ውጭ የልጆቹ ሳቅና የውሃው ጩኸት ይሰማል።

«ያን ዕለት ይህን ብታነብልኝ ኖሮ እወጣ ነበር?»

«አንብቤልዎት ነበር» አልኳቸው። «ስቀው ነበር።»

ግድግዳውን ተደገፉ። ወንበር አላቀረብኩላቸውም። ይቅርታም አላደረግሁላቸውም፣ እስከ ዛሬም አላደረግሁም፤ ለእሱም፣ ለራሴም አላደረግሁም።

«ድገምልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ቀስ እያልክ፣ በቃሌ ልያዘው። ልጆቹ ከባሕር ተመልሰው ማክሰኞ ሊወጡ ሲመጡ መኪናው በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ሜሮን አፍራ ትለቃቸው እንደሆነ አላውቅም፣ እኔን ግን ረግጠው አያልፉም።»

ጋሽ ዘለቀ የተወልኝን መነጽር ከኪሴ አወጣሁ። ያኔ ዓለምን ያምታታብኝ ነበር፣ አሁን ዓይኔ ደክሞ ልክ ሆኖኛል። አደረግሁትና ጣቴን ጽሑፉ ላይ አሳረፍኩ።

«ዘጠነኛ» አልኩ።

«ዘጠነኛ» አሉ።

«መቆሚያውን ሳይቆም የወጣ ሰው...»

«መቆሚያውን ሳይቆም የወጣ ሰው...»